የአይጥ ወተት

ጥቅምት 8

ለእታለም፣

እንዴት ነሽ? ሹሙስ እንዴት ነው? ገና በሰባት ወሩ ቤቱን በሙሉ በለቅሶ ያዝዛል አሉ። መምህሩ ባልሽ፣ እማማ አማትሽ፣ የስፌት መኪናሽም ሳትቀር ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ አይደለሁም፣ ልቤ ጮቤ እየረገጠች ነው። ግን መጀመሪያ ጥያቄሽን ልመልስ፤ አለበለዚያ "ያን ሁሉ ዓመት ተምራ ወሬ ብቻ ይዛ ወጣች" ትይኛለሽ።

"ቀኑን ሙሉ እዚያ ምን ስትሠሪ ትውያለሽ?" ላልሽው፣ ሰም እቆርጣለሁ። አትሳቂ! በቀዶ ሕክምና ከታማሚዎች የወጣ የጡት ዕጢ እንዳይበላሽ ሰም ውስጥ ተቀብሮ መጋዘናችን ይቀመጣል። እኔ ያንን ሰም በማሽን ከሽንኩርት ልጣጭ እንኳ አሳስቼ እቆርጠዋለሁ። ከዚያ በቁራጩ ውስጥ የቫይረስ ርዝራዥ ይኖር እንደሆነ እንመረምራለን። "ቫይረስንና የጡት ካንሰርን ምን አገናኛቸው?" ትይ ይሆናል። ተመራማሪዎቹም የሚጣሉት በዚሁ ነው። አንዱ አገኘሁ ይላል፣ ሌላው ፈልጌ አጣሁ ይላል። በአይጥ ላይ ግን ከታወቀ ቆይቷል። ለአይጦች የጡት ዕጢ የሚያመጣ ቫይረስ አለ፤ እናቲቱ ለልጆቿ የምታስተላልፈውም፣ ልብ በይ፣ በወተቷ ነው! ስታጠባቸው። አይገርምም?

እናልሽ እታለም፣ አገኘሁት! የአይጡን ቫይረስ የሚመስለውን፣ በሰው ዕጢ ውስጥ። በአንዱ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ በብዙዎቹ። ውጤቱን ሳሳያቸው አለቃችን ዶክተሯ (በሌሉበት "መርፌ" ነው የምንላቸው፣ ቀጭንም ተዋጊም ስለሆኑ) መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና "ቆይ፣ ገና ነው። ለማንም እንዳትናገሪ" አሉኝ። አንቺ ደግሞ "ማንም" አይደለሽም።

ለምን እንዲህ እንደፈነደቅሁ ታውቂያለሽ? እማዬ ከሞተች ጀምሮ እየፈራሁ ነው የኖርኩት። ያንን በሽታ እንደ አፍንጫዋ ለሁለታችንም አውርሳን ይሆናል እያልኩ። ቫይረስ ከሆነ ግን ከውጭ የመጣ ነው። ከውጭ የሚመጣ ነገር ደግሞ በር ይዘጋበታል፣ ክትባት ይሠራለታል። ገባሽ? ውርስ ላይሆን ይችላል!

ሹሙን ሳሚልኝ። ጉንጩን ሁሉም ይስመዋል፣ አንቺ ሦስተኛውን አገጩን ሳሚልኝ።

ሚጣሽ

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ እናንተ ቤት ስልክ ሲጮህ አጥሩም ጆሮ ስለሚያቆም ነው። የአውቶቡሱ ሾፌር ይሻለናል፤ ቢያነብም አይገባውም።


ጥቅምት 14

ለሚጣዬ፣

ደብዳቤሽ በሾፌሩ እጅ ደረሰኝ። እንኳን ደስ ያለሽ። እማዬ ብትኖር ሰፈሩን በእልልታ ታደነቁረው ነበር።

እኛ ሁላችንም ደህና ነን። መምህሩ የፈተና ወረቀት ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። እማማ ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። እኔ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትእዛዝ ተቆልሎብኝ ቀና ማለት አቅቶኛል፤ ስለዚህ ደብዳቤው ቢያጥር አትቀየሚኝ። እሑድ በስልክ "ድምፅሽ ምን ሆነ?" ያልሽኝ፣ ጉንፋን ነው።

እንዲያው ለወሬ ያህል አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እነዚያ አይጦችሽ፣ ልጆቹ ከእናታቸው ተወስደው የሌላ ወተት ቢጠጡ ይተርፋሉ? አስቀድመው ትንሽ ጠብተው ቢሆንስ? መምህሩ ለተማሪዎቹ ሊያወራላቸው ፈልጎ ነው።

ሌላው፣ እዚያ የሕፃን የዱቄት ወተት እንደ ልብ ይገኛል ይባላል። ሁለት ቆርቆሮ በሾፌሩ ላኪልኝ። ወተቴ ደረቀ መሰለኝ። ሥራ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል አሉ።

ሹሙን እማማ ስመውልሻል።

እታለም


ጥቅምት 18

ለእታለም፣

ሰላም ነሽ? መምህሩ ስለ አይጥ ማስተማር ጀመረ? ያ ከሒሳብ በቀር ሌላ ትምህርት ያለ የማይመስለው ሰውዬ! ደስ ብሎኛል፣ እንዲህ በይልኝ፦ አዎ፣ እንደተወለዱ ወዲያው ተነጥለው ጤነኛ እናት ካጠባቻቸው አብዛኞቹ ይተርፋሉ። ትንሽ ከጠቡ በኋላ ከሆነ ግን ያጠራጥራል። ይህን ለተማሪዎቹ ሲነግር ዓይናቸው ይፈጣል።

ቆርቆሮዎቹን ልኬያለሁ። ግን ወተት ደረቀ ማለት ምን ማለት ነው? ባለፈው ስመጣ ሹሙ ገና ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት ቀሚስሽ ይርስ አልነበር? እማማ "ይቺስ ሰፈሩን ታጠባለች" ብለው ያሳቁን መቼ ነው? ትንሽ እረፊ እስቲ። ዩኒፎርሙ ቢዘገይ ተማሪዎቹ አይከፋቸውም።

እኔ ከመርፌ ጋር ተኳርፌያለሁ። በሚቀጥለው ወር በትልቁ የተመራማሪዎች ስብሰባ ላይ እንድናገር ተፈቅዶልኝ መስታወት ፊት ቆሜ እለማመዳለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ባዶ ሰም ቁረጪ።" ሥጋ የሌለበት፣ ዕጢ የሌለበት፣ ሰም ብቻ የሆነ ሰም! እንደ ሌላው ቆርጬ፣ እንደ ሌላው ቫይረስ ልፈልግበት። "ምንም በሌለበት ምን ይገኛል?" ብላቸው "ምንም እንዳይገኝ ነዋ የምንፈልገው" አሉኝ። ባዶ ቤት ገብተሽ ሌባ ፈልጊ እንደማለት ነው። እሺ ብያለሁ። ምን አደርጋለሁ?

ሚጣሽ


ጥቅምት 27

እታለም፣

ሰላምታው ይቆየን።

እማማ ከጎረቤት ስልክ ደወሉልኝ። አትቆጫቸው። "ልጄ፣ እህትሽ ምን ነክቷት ነው? ልጇን እንደ እሳት ትፈራዋለች። ብርጭቆዋን ለየች። መኝታዋን ለየች። ጡቷን በሻሽ ጠፍራ አስራ ትውላለች። ደረቀ ብላን፣ ወተቷን መታጠቢያው ላይ እያለበች ስትደፋ ደረስኩባት። ልጁ በወዲያ በኩል ይጮሃል፣ እሷ በወዲህ ትደፋለች፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ" አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ግራዋን ስትነካ ፊቷ ይለዋወጣል" አሉ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። አይጥ ያልሽው ሹሙን ነው። መምህሩ ምንም አልጠየቀሽም። እኔ ደግሞ "ትንሽ ከጠቡ ያጠራጥራል" ብዬ መለስኩልሽ፣ ያውም እየፈነደቅሁ። ምነው እጄን በቆረጠው!

አሁን ስሚኝ። ባዶው ሰም ቫይረስ ተገኘበት።

እየቀለድኩ አይደለም። ሥጋ የሌለበት ሰም "አለብኝ" አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። የተቆረጠው ሰም እንዳይጨማደድ ለብ ያለ ውሃ ላይ እናንሳፍፈዋለን። ጠዋት ጠዋት በዚያው ማሽንና በዚያው የውሃ ገንዳ የሚሠሩ ሌሎች አሉ፤ እነሱ የሚቆርጡት የአይጥ ዕጢ ነው። እኔ ከሰዓት በኋላ ስገባ ምላጩን እቀይራለሁ። ውሃውን ግን ደፍቼ ገንዳውን አጥቤ በአዲስ መሙላት ነበረብኝ። አዲሱ ውሃ እስኪሞቅ መጠበቅ ስለሰለቸኝ፣ ንጹሕ ስለመሰለኝ፣ ስለቸኮልኩ፣ በነሱ ውሃ ላይ ሥራዬን ቀጠልኩ። በዓይን የማይታይ የአይጥ ርዝራዥ በሰው ቁራጮች ላይ ተለጠፈ። ሰው ውስጥ አገኘሁት ያልኩሽ ቫይረስ የአይጦቹ የራሳቸው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

እታለም፣ ጉብታውን መቼ ነው ያገኘሽው? ምን ያህላል? ለምን አልነገርሽኝም? ይህ እንደደረሰሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። ቅዳሜ አውቶቡሱ ላይ ነኝ፣ ሾፌሩ ቦታ ይዞልኛል።

ሚጣ


ኅዳር 1

ለሚጣ፣

ደህና ነኝ አልልሽም፣ አታምኚኝም።

ያገኘሁት ያንቺ የደስታ ደብዳቤ ሊደርሰኝ ትንሽ ሲቀረው ነው። ገላዬን ስታጠብ እጄ ላይ መጣ። በግራ በኩል፣ ከካፖርት ቁልፍ የማይበልጥ፣ ጠጠር ያለ። "ወተት ይሆናል፣ ይሄዳል" ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ። አንቺ ተስፋና ክትባት በጻፍሽበት ወረቀት ላይ እኔ ያነበብኩት አንዱን መስመር ብቻ ነው፣ "በወተቷ ነው" የሚለውን። ሹሙ በዚያ ሰዓት ግራውን እየጠባ ነበር። ከአፉ ነጠቅሁት። ያኔ ቀና ብሎ ያየኝ አስተያየት እስካሁን ከፊቴ አልጠፋም።

ከዚያ ወደ ኋላ ማሰብ ጀመርኩ። እኔን እማዬ እስክጠግብ አጥብታኛለች፣ እየሄድኩ ሁሉ እጠባ ነበር ይላሉ። አንቺ ስትወለጂ ታማ ስለነበር በጡጦ ነው ያደግሽው። ስለዚህ ሚጣ ተርፋለች፣ ነገሩ የመጣው በእኔ በኩል ነው አልኩ። ታምኚያለሽ? በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ለአንቺ ደስ አለኝ።

ለምን ደበቅሽኝ ላልሽው፣ መጀመሪያ ደስታሽን ላለመረበሽ ነው። ኋላ ደግሞ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብዬ። እማማ ካወቁ መምህሩ ያውቃል። መምህሩ ካወቀ ፊቱ ላይ ይጻፋል፣ ፊቱ ደግሞ ከጥቁር ሰሌዳ ይበልጥ ይነበባል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

አሁን ደግሞ የለም አልሽኝ። ያኔ ተገኘ አልሽ፣ ዛሬ ውሃው ነው አልሽ። ነገ ደግሞ ውሃው አይደለም ትይኝ ይሆናል። የትኛዋን ሚጣ ልመን?

ስለዚህ ስለ አይጥ ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ። አንድ ነገር ብቻ መልሽልኝ። ልጁ ያንቺ ቢሆን፣ ጉብታውም ያንቺ ቢሆን፣ ታጠቢዋለሽ? "ጥናቶች እንደሚያመለክቱት" ብለሽ ከጀመርሽ ወረቀቱን ለሹሙ ነው የምሰጠው። ወረቀት መብላት ጀምሯል።

አትምጪ። አንቺን ካየሁ ማልቀስ እጀምራለሁ፣ ከጀመርኩ ደግሞ አላቆምም።

እታለም


ኅዳር 3

ለእታለም፣

አዎ። አጠባዋለሁ።

በቀኙም በግራውም፣ ሐኪም አይሆንም እስካላለኝ ድረስ። ይህን የምትነግርሽ ውሃ ያልቀየረችው ሚጣ አይደለችም። ቅዳሜ እንዳትመጣ ስትከለክያት ዶክተሯ ቢሮ ገብታ፣ የተማረችውን ሁሉ ትታ እንደ ማንኛዋም የሰው እህት እየተንተባተበች እሳቸውን የጠየቀች ሚጣ ናት።

"ጥናት" አልልም፣ በአፌ ልንገርሽ። ካንሰር በመሳም፣ በብርጭቆ፣ አብሮ በመተኛት አይጋባም። አይጦቹ ላይ የሚሆነው በሰው ላይ፣ በእናት ወተት፣ ሲሆን አልታየም። ማጥባት እንዲያውም እናቲቱን ከዚያ በሽታ በመጠኑም ቢሆን ይጠብቃታል። ቫይረስ ሌላ ድርሻ ይኖረው ይሆን ወይ? እሱ ገና ክፍት ጥያቄ ነው። እኔም አልመለስኩትም፣ መልሼዋለሁ ብዬ ነው ያስደነገጥኩሽ። ውርስስ? ስለ እኔና ስለ አንቺ አላውቅም። የሚታወቅበት ምርመራ አለ፣ አብረን እንጠይቃለን። አላውቅም ማለት እንዲህ እንደሚያሳርፍ ማን ያውቅ ነበር!

እኔ በጡጦ ስላደግሁ የተረፍኩ አይደለሁም። አንቺም ስለጠባሽ የተያዝሽ አይደለሽም። እማዬ የሰጠችሽ ወተት ነው እታለም። ወተት ብቻ።

ጉብታውን ግን ሐኪም ይየው። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም፤ ሻሹም አያውቅም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሰኞ ሂጂ። እማማን ይዘሽ ሂጂ፤ ሁሉን ያውቃሉና ከእሳቸው የምትደብቂው አልቀረም።

ዶክተሯ ስለ ውሃው ስነግራቸው ይጮሁብኛል ብዬ አንገቴን ቀብሬ ነበር። ወንበር ሳቡልኝ። "ባዶ ሰም ያስቆረጥኩሽ ለምን ይመስልሻል? በአንቺ ዕድሜ እኔም ቸኩዬ አውቃለሁ" አሉኝ። ከስብሰባው ወጥቻለሁ። ሁሉንም ከመጀመሪያው፣ በራሴ ማሽን፣ በራሴ ውሃ እቆርጠዋለሁ። የሚገርመው፣ ውጤቱ ሲፈርስ ማዘን ነበረብኝ፤ እኔ ግን ላቦራቶሪው መሃል ቆሜ "ተመስገን" ብዬ ጮህኩ። ከጎኔ ያለው ልጅ ሽልማት ያገኘሁ መስሎት እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።

ከሐኪም ቤት እንደወጣሽ ደውዪ። አጥሩም ይስማ።

ሚጣሽ


ኅዳር 10

ለሚጣዬ፣

በስልክ "ዝርዝሩን፣ ዝርዝሩን!" እያልሽ ስትጮሂ ከጎኔ እማማ፣ ከእማማ ጎን ደግሞ ግማሹ ሰፈር ቆሞ ነበር። ስለዚህ "ደህና ነው" ብቻ ብዬ ዘጋሁብሽ። ይኸውልሽ ዝርዝሩ።

ኮሪደሩ በሴቶች ተሞልቷል። አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን ማንም ማንንም አያይም፣ ሁላችንም የምናየው ወለሉን ነው። እማማ ሹሙን አቅፈው አንዷን "ልጄ፣ አንቺስ የት ነው የሚያምሽ?" ብለው ጀመሩና አንድ አፍታ ሳይቆይ ኮሪደሩ ሁሉ ማውራት ጀመረ። ለካ ሁሉም ሲደብቅ ነው የከረመው። አንዷ ለባሏ ጥርሴን ልታይ ነው ብላው የመጣች ናት። ሳቅን። እዚያ ቦታ ይሳቃል ብዬ አላስብም ነበር።

ሐኪሟ ያንቺ እኩያ ናት፤ ስትፈጥን አንቺን ትመስላለች። ስለ እማዬ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ በአልትራሳውንድ አየችኝ። ያንኑ ቦታ ደግማ ደጋግማ አየችው። ከዚያ "በመርፌ ልየው" አለች። ዓይኔን ጨፈንኩ። እማማ ከመጋረጃው ወዲያ በየት ቀዳዳ እንዳዩ እንጃ፣ የሰማሁት የእሳቸውን ድምፅ ነው፦

"ይኸው! ደረቀ ያልሽን!"

ዓይኔን ስገልጥ መርፌው ውስጥ ያለው ነጭ ነው። ወተት። ሚጣዬ፣ ወተት! አንዱ የወተት መንገድ ተዘግቶ የተጠራቀመ ነው አለች፤ ሻሹ ደግሞ አባሰው። ጉብታው እዚያው፣ በጣቴ ሥር፣ ጠፋ። ልብስሽን ልበሺ ስትለኝ እጅጌው የት እንዳለ ጠፋኝ። እኔ፣ ልብስ ሰፊዋ።

"አሁን ላጥባው?" ስላት "አቁመሽ ነበር እንዴ? ለምን?" አለች። ስለ አይጦቹ ነገርኳት። አልሳቀችም፣ ደግነቷ። "ይህን በውስጣቸው ይዘው የማይጠይቁኝ ስንት አሉ" ብላ ለራሷ ተናገረችና፣ "አጥቢው። ብዙ ጊዜ አጥቢው" አለችኝ። በእማዬ ምክንያት ግን በየጊዜው እየመጣሁ መታየት አለብኝ፣ አንቺም እንደዚያው። ቀጠሮው በበጋው ማለቂያ ላይ ነው። እሺ ብያለሁ። ብቻዬን ግን አልሄድም፣ ትመጫለሽ።

ሹሙ ወዲያው የታረቀኝ እንዳይመስልሽ። ጡጦውን ለምዶታል፤ ኮሪደሩ ላይ ደረቴን ስሰጠው ከሥልጣኑ እንደተሻረ ሹም ፊቱን አዞረብኝ። እማማ "ይቅር በላት ጌታዬ፣ የተማረች እህት ስላለቻት ነው" ብለው ለመኑልኝ። ጥርሷን ልትታይ የመጣችው ሴትዮ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያን ቀን እምቢ አለኝ። በማግስቱም ኮራ። ትናንት ጠዋት ግን ገና እንደነቃ፣ መኮሳተሩን ረስቶት ነው መሰለኝ፣ ዞሮ ያዘኝ። አልተንቀሳቀስኩም። መምህሩ ሰዓት ረፈደብኝ እያለ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

"ተቀይመሽኛል?" ብለሽ በዚያው ስልክ ለጠየቅሽኝ፣ አዎን ተቀይሜሽ ነበር። ወተቱን በምደፋበት ሰሞን ስምሽን ሳነሳ ጥርሴን እነክስ ነበር። አሁን ለቆኛል። ስትደሰቺ መጻፍሽን እንዳትተዪ፣ ከአንቺ ደስታ ውጭ ምን የሚነበብ ነገር አለኝ? ብቻ "ዶክተሯ ቆይ ብለውኛል" የምትለዋን ከመጨረሻ አታድርጊያት፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ጻፊያት። ውሃሽንም ቀይሪ። ይህ የእማማ መልእክት ነው፣ ሳልጽፈው ብቀር አያስተኙኝም።

ፊደሌ ተጣሞ ካየሽ አትፍረጂብኝ፣ በአንድ እጅ ነው የምጽፈው፤ በሌላው ሹሙን ይዣለሁ። አሁን ቀኙን ጨርሶ ግራውን እየፈለገ ነው። እሱን ለማዞር ሁለት እጅ ያስፈልገኛል።

እታለም